«ጉዳዩ» የሌለው ደብዳቤ፦ ኢሜይል በበይነ መረብ በሚሰጥ የጽሕፈት ኮርስ

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮቪድ-19 ወረርሽኝ የዩኒቨርሲቲዎቻችንን መማሪያ ክፍሎች ሲያዘጋ፣ በድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና በመምህራን መካከል የነበረው ግንኙነት በአመዛኙ ወደ ኢሜይልና ወደ ቴሌግራም ተዛወረ። ክፍሎቹ ከተከፈቱ በኋላም ልማዱ አልተቋረጠም። ኢሜይል በብዙ ኮርሶች ዘንድ የቤት ሥራ ማመላለሻ ነው፤ በዚህም ቅር አልሰኝም። በጽሕፈት ኮርስ ግን ኢሜይሉ ራሱ የትምህርቱ አካል ነው፤ እንደዚያም ሊቆጠር ይገባዋል እላለሁ።

ጃኔት ኤሚግ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመችው ጽሑፍ መጻፍ የመማሪያ ስልት መሆኑን ተከራክራለች። በኮርሱ የሚታዘዘው ድርሰት አንባቢ ማርክ ሰጪው መምህር ነው፤ ተማሪውም ይህን ስለሚያውቅ የሚጽፈው ለማርኩ ነው። ለመምህሩ የሚላከው ኢሜይል ግን ጸሐፊው በእርግጥ መልሱን የሚፈልግበት ጽሑፍ ነው። እንዲህ ያለ አጋጣሚ በአንድ ሴሚስተር ውስጥ ስንት ጊዜ ይገኛል?

የሚገርመው፣ ቅርጹ ለእኛ እንግዳ አለመሆኑ ነው። ከቀበሌ ጀምሮ የማንኛውም መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ቁጥር፣ ቀን፣ ተቀባይ፣ «ጉዳዩ፦» እና ግልባጭ አለው። ለሬጅስትራር ማመልከቻ ሲጽፍ «ጉዳዩ፦» የሚለውን የማይዘነጋ ተማሪ፣ በኢሜይል ጊዜ ያንኑ ቦታ ባዶ ትቶ «መምህር፣ አስተያየትዎ አልገባኝም» ብሎ ይልካል። ይህን «በሁለተኛው አንቀጽ ማስረጃው መደምደሚያውን አይደግፍም ያሉኝ ማስረጃው ስላነሰ ነው ወይስ ስለ ሌላ ነገር ስለሚናገር?» ከሚለው ጋር እናነጻጽረው። ሁለተኛው ተማሪ ጥያቄውን ለመጻፍ ሲል አንቀጹን እንደገና ለማንበብና ሁለት አማራጮችን ለመለየት ተገዷል፤ መምህሩ ከመመለሱ በፊት ክለሳው ተጀምሯል። (ሰላምታውና «እርስዎ»ው ይቅር ማለቴ አይደለም፤ ወጋችን ነው። ነገር ግን ሦስት መስመር «ስላስቸገርኩዎ ይቅርታ» ካለፈ በኋላ ጥያቄው በመጨረሻዋ ሐረግ ሲሸጎጥ አንባቢው ይስተዋል።)

ጉድለቱ የተማሪው ብቻ አይደለም። ናንሲ ሶመርስ እ.ኤ.አ. በ1982 እንዳሳየችው፣ ብዙዎቹ የመምህራን አስተያየቶች ከአንዱ ተማሪ ወረቀት ተነሥተው በሌላው ላይ ቢለጠፉ ልዩነት የማያመጡ ናቸው። «ግልጽ አድርግ»፣ «አስፋፋ» የሚሉት ቃላት በክፍል ውስጥ ሲነገሩ የተማሪው ፊት ላይ የሚታየው ግራ መጋባት መምህሩን እንዲያብራራ ያደርገዋል። በኢሜይል ሲላኩ ግን ያልገባው ተማሪም፣ የገባውም ዝም ይላሉ፤ ዝምታቸውም አንድ ዓይነት ነው። በርቀት ኮርስ ተማሪ ቀስ በቀስ የሚጠፋው በዚህ ዝምታ ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቴሌግራም ይፈጥናል የሚል መቃወሚያ ይነሣል። ለማስታወቂያ እውነት ነው። ሆኖም በቡድን መድረክ ላይ አንድ ጥያቄ በሰዓት ውስጥ በሌሎች መልእክቶች ይቀበራል፤ በባልደረቦቹ ፊት «አልገባኝም» ማለት የሚከብደው ተማሪም አይጠይቅም። ስለ ግንኙነት መቆራረጥም፣ ኢንተርኔት ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለሳምንታት ሲዘጋ ያዳነን መሣሪያ አልነበረም። በየዕለቱ መብራትና ኔትወርክ ሲሄድና ሲመጣ ግን የተጻፈ ኢሜይል ተቀምጦ ይጠብቃል፤ የቪዲዮ ክፍለ ጊዜ ያልፋል።

ከባዱ መቃወሚያ የሥራ ጫና ነው። አርባ ተማሪ አርባ ደብዳቤ ማለት ነው። ስለዚህ ሐሳቤ ጠባብ ነው፦ ከእያንዳንዱ ረቂቅ ጋር አንድ ኢሜይል፣ በውስጡም ስለ ረቂቁ አንድ ጥያቄ፤ መምህሩም ለዚያችው ጥያቄ ብቻ በተወሰነ ቀን ውስጥ መልስ ይስጥ፤ ጥያቄውም ጥቂት ማርክ ይያዝለት። ይህ የሚፈጀው ሰዓት በመምህሩ የሥራ ጫና ስሌት ውስጥ መግባት ይኖርበታል። ካልገባ መምህሩ ኢሜይሉን ሌሊት ይመልሳል፤ ወይም ጨርሶ አይመልስም።