ስም ሲለወጥ ቤት ይጠፋል

ለብዙ ዓመታት ያገለገለ የጃቫ ሰርቭሌት ፕሮግራም ከቶምካት 9 ወደ ቶምካት 10 በተዛወረ ማግስት «404» የሚል መልስ ብቻ ይሰጥ ይሆናል። ያን ጊዜ አንዱ ሠራተኛውን ይወቅሳል፤ ሌላው ፕሮግራሙ እንደ አዲስ ይጻፍ ይላል። ነገሩ ግን የስም ጉዳይ ነው።

ኦራክል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 የጃቫ ኢኢን ሥራ ለኤክሊፕስ ድርጅት ለማስረከብ ወሰነ፤ የስሙን መብት ግን ለራሱ አስቀረ። ስለዚህ በ2020 በወጣው ጃካርታ ኢኢ 9 «ጃቫክስ.ሰርቭሌት» የነበረው «ጃካርታ.ሰርቭሌት» ተባለ። ቶምካት 10 በአሮጌው ስም ቢጠሩት አይሰማም።

እንግዲህ አስቀድመው «ሎግስ» በሚባለው ማኅደር ያለውን መዝገብ ያንብቡ። መዝገቡ ዝም ቢል በፕሮግራሙ አናት ያሉትን የ«ኢምፖርት» መስመሮች ይመልከቱ። በዚያ አሮጌው ስም ከተገኘ መድኃኒቱ ሦስት ዓይነት ነው፤ ወደ ቶምካት 9 መመለስ፤ ስሙን ለውጦ እንደገና ኮምፓይል ማድረግ፤ ወይም የዋር ፋይሉን «ዌብአፕስ-ጃቫኢኢ» በሚባል ማኅደር ማኖር ነው፤ በዚህኛው ቶምካት 10 ራሱ ይለውጠዋል። በእጅ የሚለውጥ ሰው ግን «ጃቫክስ.ኤስኪውኤል»ን አይንካ፤ እርሱ የጃቫ የራሱ ስለ ሆነ ስሙ አልተለወጠም።

ሳያጣሩ ወሬ፤ ሳይገሉ ጎፈሬ እንዲሉ፤ መዝገቡ ሳይነበብ ማንም አይወቀስ።