ዛንዚባር፦ ባሕሩ ሲሸሽ

ዛንዚባር ለመሄድ አስበዋል? እንግዲያው ሆቴል ከመያዝዎ በፊት የባሕሩን ጠባይ ይጠይቁ። እኔ ጃምቢያኒን የመረጥኩት ፎቶ አይቼ ነው። (በማርኬቲንግ ሥራ እንጀራ የምበላ ሰው በፎቶ መሸወዴ ያስቃል!) በደረስን ማግስት ጠዋት የ6 ዓመት ልጄ የዋና ልብሷን ለብሳ ብትወጣ ባሕሩ የለም። እስከ ሩቅ ድረስ እርጥብ አሸዋ ብቻ። «እማዬ፣ ማን ጠጣው?» አለችኝ።

በደሴቲቱ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በፓጄና በጃምቢያኒ፣ ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ሐሳብዎ ዋና ብቻ ከሆነ በሰሜን ያሉትን ኑንግዊን ወይም ኬንድዋን ይምረጡ፤ እዚያ ውሃው ያን ያህል አይርቅም።

እኛ ሆቴል የምንቀይርበት ገንዘብ አልነበረንም። ስለዚህ የላስቲክ ጫማ አድርገን (እሾሃማ የባሕር እንስሳት አሉና እንዳይረሱ) ውሃው በለቀቀው ሜዳ ላይ ሄድን። ሴቶች በችካሎች መካከል በተወጠረ ገመድ ላይ ያበቀሉትን የባሕር አረም ይሰበስባሉ። ልጄ አንዷ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ስታይ ቆየች። ከሰዓት ውሃው ሲመለስ ግን «መጣ! መጣ!» እያለች ቀድማን ሮጠች።