የማኅበር ደንብ ይታገዳልን?

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወልድያና መርሳ በደረሰ ጊዜ፥ ብዙ የሰሜን ወሎ ሰው ቤቱንም ዕድሩንም ጥሎ ተሰደደ። የብዙ ዕድር ደንብ ደግሞ መዋጮውን ያልከፈለ ይቀጣል፥ ቢያዘገይም ይሰረዛል ይላል። ታዲያ ከሐብሩ ተሰዶ የሰነበተ ገበሬ ይሰረዝን? ወይስ ደንቡ ይታገድ?

በእኛ አስተያየት፥ ማገድ የሚገባው ደንቡ ራሱ አስቀድሞ መንገዱን ሲደነግግ ብቻ ነው። ማን ያግዳል? እስከ መቼ? ከቶ የማይነካውስ የትኛው ነው? ለዚህ የ1987ቱን ሕገ መንግሥት ዐንቀጽ 93 እንመልከት። የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ቢያወጣውም፥ የሚያጸድቀው የተወካዮች ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው። ዕድሜውም ከ6 ወር አይበልጥም፤ ቢታደስ በየ4 ወሩ ነው። የእኩልነት መብት ግን አይነካም።

ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 የ1948ቱን ሕገ መንግሥት ሲያግድ ቀን አልቈረጠለትም፤ ተተኪው የጸደቀው በ1979 ነው። ገደብ የሌለው እገዳ ስሙ መሻር ነው።

እንግዲህ የተማርን ወጣቶች የዕድር ጸሐፊነት ሲሰጠን፥ ይህን በሰላሙ ጊዜ በደንቡ እናስገባ፦ በጦርነትና በወረርሽኝ ጊዜ መዋጮና ቅጣት በጉባኤው ድምፅ፥ ለተወሰነ ወር ይታገድ። ጉባኤው ሊሰበሰብ ባይችል ዳኛው ይወስን፤ ጉባኤው በተሰበሰበ ዕለት ያጽድቀው ወይም ይሻረው። ሬሳ ማንሣትና ሒሳብ ማሳየት ግን ከቶ አይታገዱ።

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፥ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ያሉት ያለ ነገር አይደለም።