ጆሮ ማስነካት ይብቃ!

የውርጌሳ ነዋሪዎች! ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አዙሮ ግራ ጆሮውን የነካ ልጅ ለትምህርት ደርሷል የምንለው እስከ መቼ ነው? ይህ መለኪያ የሚለካው ክንድ ነው። የቀጨጨው ልጅ ያለጥፋቱ ቤት ይቀራል፤ ክንደ ረጅሙ ሕፃን ከታላቁ ጋር አንደኛ ክፍል ተወርውሮ ያለቅሳል።

ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ጀምሮ አንደኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመት ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ዕድሜ የመዋዕለ ሕፃናት ነው። የልደት ምዝገባም ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ስላለ እናስመዝግብ!

ልጁንም እንየው፦ ስሙን ይናገራል? ሽንት ቤት ብቻውን ይሄዳል? ከእናቱ ተለይቶ ይጫወታል? ይህን የቻለውን «ፍየል ይጠብቅልኝ» ብሎ ማስቀረት በደል ነው፤ ያልቻለውንም «የጎረቤት ልጅ ገብቷል» ብሎ መጎተት ያው በደል ነው። ጥፋቱ የሁላችንም ነው፤ እናርመው!

ልጅ በክንዱ ሳይሆን በዕድሜውና በአቅሙ ይመዘን!