ዓሣን በመንጠቆ ስለ ማጥመድና ለጀማሪዎች ሊሰጥ ስለሚገባው ትምህርት

ኢትዮጵያ በሐይቅና በወንዝ የታደለች አገር መሆኗ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ነገር ግን ከደጋው ሕዝብ የሚበዛው ዓሣን የሚያስበው ጾም ሲገባ ነው፤ ጾሙ ሲፈታ ይረሳዋል። «ዓሣን መብላት በብልሃት» የሚለው የአባቶች ተረት ስለ አጥንቱ የተነገረ ቢሆንም ለአጥማጁና ለሹሙም የሚስማማ ምክር ነው። ያለ ብልሃት የሚበላ ሰው የሚጎዳው ራሱን ብቻ ነው፤ ያለ ብልሃት የሚያጠምድ ግን ገና ያልተወለዱትን ሁሉ ይጎዳል።

ለዚህም የጣና ነገር በቂ ምስክር ነው። በጣና ሐይቅ ነጭ ዓሣ ወይም ቢልጫ ከሚባለው ወገን ከ15 የማያንሱ ዓይነቶች ይኖራሉ፤ የሚበዙትም በሌላ አገር የማይገኙ ናቸው። ከእነዚህም ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ እንቁላላቸውን ለመጣል ከሐይቁ ወደ ጉማራ፥ ወደ ርብና ወደ መገጭ ወንዞች ይወጣሉ። ቀድሞ የሐይቁ ዳር ሰዎች በደንገል ታንኳ በጥቂቱ ያጠምዱ ነበር። ከ1978 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሞተር ጀልባና ረጅም የናይለን መረብ ገባ፤ መረቡም ዓሣው ሊራባ በሚወጣበት በወንዞቹ አፍ ተዘረጋ። ሊቃውንት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1990ዎቹ ዓመታት መርምረው፥ ወደ ወንዝ የሚወጡት ወገኖች ከአራት እጅ ሦስት እጅ ያህል መቀነሳቸውን አስታወቁ። ጥፋቱ የመረቡ ብቻ አልነበረም፤ ዓሣው መቼና የት እንደሚራባ ሳያስተምሩ መረብ ማደል ነው።

ከመረቡም የከፋ ሌላ ልማድ አለ፤ ይኸውም የብርብራን ፍሬ ወቅጦ በውሃ ላይ መበተን ነው። የብርብራ መርዝ ትልቁንና ትንሹን አይለይም፤ ለአንድ ቀን ራት ሲባል የሚመጣውን ዓመት ዘር ይፈጃል።

እንግዲህ ጀማሪ አጥማጅ አስቀድሞ ሊማር የሚገባው መንጠቆን ነው። መንጠቆ አንድ ዓሣ አንድ ጊዜ ያወጣል፤ የወጣውም ዓሣ ትንሽ ወይም እናት እንደ ሆነ በሕይወቱ ሊመለስ ይችላል። በአሜሪካ አገር ክራፒ የሚባል የሐይቅ ዓሣ አለ፤ ብዙ ልጆች የማጥመድን ሥራ የሚጀምሩት በእርሱ ነው። ከንፈሩ ስስ ስለ ሆነ በኃይል የሚጎትተው ሰው ያጣዋል፤ በቀስታ የሚያነሣው ያገኘዋል። በዚያም አገር ብዙ ክፍላተ ሀገር አንድ ሰው በቀን ስንት ዓሣ ሊወስድ እንደሚችልና ከስንት ያነሰውን እንዲመልስ በሕግ ወስነዋል። ክራፒ በኢትዮጵያ ውሃ የሚታወቅ ዓሣ ባይሆንም ትምህርቱ ግን ለቆሮሶም የሚሠራ ነው።

የሥራውም ሥርዓት ይህ ነው። ሦስት ሜትር ያህል የሆነ ቀጥ ያለ የቀርከሃ ዘንግ፥ በዘንጉ ቁመት ልክ የሆነ ቀጭን የናይለን ክር፥ አንድ ትንሽ መንጠቆ፥ ክሩን ወደ ታች የሚስብ ጥቂት እርሳስና በውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ቡሽ ይበቃል። መንጠቆው ትልቅ እንደ ሆነ የቆሮሶ አፍ ትንሽ ስለ ሆነ መብሉን ለቅሞ ይሄዳል። በመንጠቆው ላይ የምድር ትል ወይም ጠንከር ብሎ የተለወሰ ሊጥ ይሰካል። ቡሹም መብሉ ከውሃው ወለል አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ እንዲንጠለጠል ይታሰራል። ማለዳና ወደ ማታ ፀሐይ ሲበርድ ጥሩ ሰዓት ነው። ቦታውም ቄጠማ የበቀለበት ወይም ዛፍ የወደቀበት ዳር ይሁን፤ ዓሣ መሸሸጊያና ምግብ በዚያ ያገኛልና። አጥማጁ ጥላው በውሃው ላይ እንዳያርፍ ተጠንቅቆ ዝም ብሎ ይቀመጥ። ቡሹ ሲንቀጠቀጥ ይታገሥ፤ ሲሰጥም ዘንጉን በቀስታ ያንሣ።

አምባዛን የሚሻ ሰው ግን ሌላ ዘዴ ያስፈልገዋል። አምባዛ በሌሊት የሚንቀሳቀስ፥ ምግቡንም በሽታና በጢሙ የሚፈልግ ነውና መብሉ ሽታ ያለው የሥጋ ቁራጭ ሆኖ ወለሉ ላይ ይረፍ፤ ክሩም ይወፍር።

ቆሮሶ እናቲቱ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ የምታሳድግ ፍጥረት ናት። በአፏ ልጆች የያዘችውን የሚገድል አንዲቱን ብቻ አልገደለም። የሚመለሰውን ዓሣ በደረቅ እጅ መያዝ ገላውን የሚጠብቀውን ልጋግ ስለሚገፍፍ አስቀድሞ እጅን ማራስ ይገባል። ደግሞም ዓሣን በሕይወቱ ከአንዱ ሐይቅ ወስዶ በሌላው መጣል ክልክል ሊሆን ይገባል፤ እንግዳው ዓሣ የአገሬውን ምግብ ሊሻማና በሽታ ሊያመጣ ይችላልና።

ይህ ትምህርት የት ይሰጥ እንደ ሆነ ቀራንዮን አይቶ መፍረድ ይቻላል። በአዲስ አበባ ምዕራብ ያለው የቀራንዮ ወጣት ውሃ በቅርቡ አለ፤ ነገር ግን ሁሉ ለእርሱ የሚሆን አይደለም። የትንሹ አቃቂ ወንዝ የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ የገባበት ስለ ሆነ ከእርሱ የወጣ ዓሣ ለማዕድ አይገባም። የገፈርሳ ግድብ ከተማው የሚጠጣው ውሃ ስለ ሆነ ያለ ፈቃድ መግቢያ አይደለም። በሰበታ ግን የዓሣ ምርምር ማዕከል አለ፤ የቆሮሶና የሌላም ዓሣ ጫጩት የማራባት ሥራ በዚያ ይሠራል። ሹማምንት ከዚህ ማዕከል ጋር ተመካክረው በንጹሕ ምንጭ የሚሞላ ኩሬ ቢያስቆፍሩና ወጣቶቹን በዚያ ቢያስለምዱ፥ ልጁ ወደ ቆሻሻው ወንዝ ወይም ወደ ተከለከለው ግድብ የሚወርድበት ምክንያት ይጠፋል።

አንዳንድ ሰዎች መንጠቆ የልጆች መጫወቻ ነው፥ ሥራ ፈቱን ወጣት የሚያበላው መረብ ብቻ ነው ይላሉ። መንጠቆ ለገበያ የሚበቃ ዓሣ በአንድ ቀን እንደማያወጣ እውነት ነው፤ መረብም ዓይኑ ሰፊ ሆኖ በተፈቀደለት ሰው እጅና በተፈቀደ ወራት ቢዘረጋ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን በሬ የማያውቅ ሰው ሞፈር አይሰጠውም። በመንጠቆ የተማረ ሰው ዓሣው የት እንደሚያድር፥ መቼ እንደሚራባ፥ የትኛው እንደሚመለስ ያውቃል፤ ይህ ሰው በኋላ መረብ ቢይዝ የሐይቁ ጠባቂ ይሆናል። ሳይማር መረብ የተሰጠው ግን ጥቂት ዓመት ጠግቦ ተመልሶ ሥራ ፈት ይሆናል፤ የተበደረውም የመረብ ዋጋ ዕዳ ሆኖ ይቀርበታል።

ሕግም አልጎደለም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል፤ የአማራ ክልልም የራሱን አዋጅ አውጥቷል። የጎደለው ሕጉን እስከ ወንዙ ዳር የሚያደርስ ሹም ነው።

ስለዚህ ውሃ ያለበት ወረዳ አስተዳዳሪ ሦስት ነገር ሊያደርግ ይገባል። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ዓሣ የሚወጣባቸውን ወንዞች አፍ ከመረብ ያስጠብቅ፤ ብርብራ የሚበትነውን ይከልክል፤ ለወጣቶችም መረብ ከማደሉ በፊት መንጠቆ አስይዞ አንድ ዓመት ያስተምር። ባለይዞታውም በመሬቱ ያለውን ኩሬ ለዚህ ትምህርት ቢፈቅድ ጥቅሙ ለራሱም ጎረቤትና ልጆች ነው። ወጪው የቀርከሃ ዘንግና የጥቂት ክር ዋጋ ነው፤ የቸልታው ዋጋ ግን በጣና ታይቷል።