ጭነቱ ሲዋሐድ ተጠያቂነቱ አይበተን

ለቀየት አርሶ አደር ማዳበሪያ ዋጋ የሚኖረው ማሳው ለዘር ሲደርስ እጁ ከገባ ብቻ ነው። ዘር ካለፈ በኋላ የሚደርስ ኩንታል መጋዘን ከማጣበብ ያለፈ ፋይዳ የለውም። ስለዚህ ከጅቡቲ ወደብ እስከ መንዝ ደጋ ጭነቱን ማን ያጓጉዘዋል የሚለው ጥያቄ የገብስና የባቄላ አምራቹም ጉዳይ ነው።

ቀድሞ የመርከብ፣ የትራንዚትና የደረቅ ወደብ ሥራ በሦስት የመንግሥት ድርጅቶች ተከፋፍሎ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ሦስቱ ተዋሕደው የኢትዮጵያ የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ አገልግሎት ድርጅት ሆኑ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የግብርና ግብዓትና የምርጥ ዘር ድርጅቶችን ጨምሮ ሌሎችም በኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ሥር ተጠቃለሉ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ውህደት አቅም ይፈጥራል። ዕቃ ሲዘገይ አንዱ መሥሪያ ቤት ሌላውን የሚጠቁምበትን ዕድልም ያጠባል። ነገር ግን አማራጭ የሌለው ደንበኛ የመደራደር ጉልበት አይኖረውም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 ከ30 በላይ የነበሩት ትልልቅ የጭነት ባቡር ኩባንያዎች በተከታታይ ውህደት ዛሬ 6 ብቻ ቀርተዋል። በሞንታና ግዛት አብዛኞቹ ስንዴ አምራቾች በአንድ ኩባንያ ሐዲድ ላይ ጥገኛ በመሆናቸው በማጓጓዣ ዋጋ ላይ ለዓመታት አቤቱታ ሲያሰሙ ቆይተዋል።

በአገራችን የግል ድርጅቶች ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የመልቲሞዳል ፈቃድ ማግኘታቸው መልካም ጅምር ነው። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኢትዮ-ጅቡቲ ባቡርም ማዳበሪያ ያጓጉዛል። ሐዲዱ ግን መንዝ አይደርስም። ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደውን ዳገት የሚወጣው የጭነት መኪና ነው። የመጨረሻው ጉዞ በክረምት ጭቃ ከተያዘ፣ በወደብ የተቆጠበው ቀን ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ስለዚህ ሁለት ነገሮች ሊታሰብባቸው ይገባል። አንደኛ፣ ማዳበሪያው ወደብ ሲደርስ፣ ወደ ወረዳ ሲጫንና መሠረታዊ ማኅበሩ መጋዘን ሲገባ ቀኑ በየቀበሌው በግልጽ ይለጠፍ፤ ለዘገየው እርከንም ኃላፊው ይታወቅ። ሁለተኛ፣ የመጨረሻው ጉዞ ለአንድ አጓጓዥ ብቻ አይሰጥ፤ ዩኒየኖች በራሳቸው መኪና ወይም በግልጽ ጨረታ ይወዳደሩበት።

አጓጓዡና ገዢው ተዋሕደዋል። አርሶ አደሩም በመሠረታዊ ማኅበሩና በዩኒየኑ በኩል በአንድ ድምፅ ጊዜውንና ዋጋውን ሊጠይቅ ይገባል። ያን ጊዜ ውህደቱ ለማሳውም ይተርፋል።