ዋጋው ከእጃችን ውጭ ነው፤ ሚዛኑ ግን በእጃችን ነው

በጅማ ከተማ በጊንጆ ሰፈርም ሆነ በአጋሮና በሊሙ ገጠሮች፣ የቡና ለቀማ ወራት ሲደርስ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ «ዘንድሮ ዋጋው እንዴት ነው?» የሚል ነው። መልሱ ግን ከአጋሮ አይገኝም። የዓለሙ ዋጋ የሚተመነው በኒው ዮርክ ገበያ ሲሆን፣ ብራዚልን ውርጭ ወይም ድርቅ ሲመታት ይወጣል፤ ምርት ሲትረፈረፍ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ ፓውንድ ቡና ከግማሽ ዶላር በታች ወርዶ በሀገራችን ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ ገበሬ ነበር። በ2025 መጀመሪያ ያው ፓውንድ ከአራት ዶላር አለፈ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግም ገበሬውን የጠየቀው አልነበረም።

ቅዱስ ጳውሎስ በአቴና ያገኛቸው ኢስጦኢኮች (ሐዋ. 17፥18) ለዚህ መልስ ነበራቸው። ከእነርሱ ወገን የሆነው፣ በባርነት ያደገው ኤፒክቴጦስ፣ በእጃችን ያለውን ከሌለው መለየትን የትምህርቱ መነሻ አድርጎታል። ልዩነቱ መልካም ነው። ነገር ግን እነርሱ ከኀዘን ነጻ መውጣትን ሲሹ፣ ጌታችን በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል። ዕንባቆምም ዛፉ ፍሬ ቢያጣ እንኳ በአምላኩ ደስ እንደሚለው የተናገረው አስቀድሞ ጮኾ ከጠየቀ በኋላ ነው።

መቀበል እጅን ማጣጠፍ እንዳልሆነ ጅማ ራሷ ምስክር ናት። እ.ኤ.አ. በ1971 ፍሬውን በዛፉ ላይ የሚያጠቁር በሽታ ወደ ሀገራችን ገባ። ተመራማሪዎች በሽታው ያልጣላቸውን ዛፎች ፈልገው መረጡ፤ 74110 እና 74112 የተባሉት ዝርያዎች ቁጥራቸው የሚጀምረው በተመረጡበት በ1974 ነው። ዛሬም በጅማው የመልኮ ምርምር ማዕከል ይህ ሥራ አልቆመም።

ስለዚህ ጥሬውን ከቀዩ ቀላቅሎ ለቅሞ፣ በባዶ መሬት አድርቆ፣ ዋጋው ሲቀንስ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ማለት ትዕግሥት አይደለም፤ በፈቃዱ ላይ ማሳበብ ነው። ከዚህ የሚከፋም አለ። ከሩቅ ለሥራ የመጣችው ለቃሚ ዋጋውን አልተመነችም፤ ደመወዟ ግን «ገበያው ወረደ» ተብሎ ይቆረጣል። ሐዋርያው ያዕቆብ ወደ ጌታ ጆሮ ደረሰ ያለው የአጫጆች ጩኸት (ያዕ. 5፥4) ከኒው ዮርክ የተነሣ አልነበረም፤ ደመወዛቸውን ካስቀረው ባለ እርሻ ደጅ እንጂ።